ሳጥኑን ልሥራው ወይስ ልግዛው?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ስፒከር ናቸው። አንዱ ከጎፋ፣ አንዱ ከአሜሪካ፣ አንዱ ከባሕር ዳር። ሦስቱም የሚጠይቁት ያው ነው። በገዛ እጄ ልሥራ ወይስ ከሚሠራ ሰው ልግዛ? የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ መልሻለሁ። ሌሎቹም ከእሱ ብዙ ይወስዳሉ።

ከጎፋ፣ አዲስ አበባ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ዕድሜዬ 29 ነው። አባቴ ሲያርፍ አንድ አምፕሊፋየር ትቶልኛል። ጀርባው ላይ በየቻናሉ 40 ዋት፣ 8 ኦም ይላል። እስካሁን ይሠራል። ስፒከሮቹ ግን ዙሪያቸው ያለው ስፖንጅ ተበልቶ ስለነበር ተጥለዋል። ሳሎኔ አራት በአምስት ሜትር ነው። የማዳምጠው የድሮ ሙዚቃ ነው፤ ሳክስፎን፣ ኦርጋን፣ ክራር። ሦስት ነገር አስቤያለሁ። አንደኛው ራሴ መሥራት ነው፤ የእንጨት ሥራ ትንሽ እሞክራለሁ። ሁለተኛው፣ መርካቶ ሳጥን የሚሠራ ቤት አግኝቻለሁ። ባለ 12 ኢንች፣ 300 ዋት፣ ቤት ያናውጣል ብለውኛል። ሦስተኛው፣ ጀርመን ያለው ወንድሜ እዚያ ካለ አነስተኛ አምራች ጥንድ ስፒከር ልግዛልህ ይለኛል። ራሴ ብሠራው ይረክስልኛል? 12 ኢንቹስ ይሻላል?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አባትህን ነፍስ ይማር። አምፕሊፋየሩን በደንብ ያዘው።

ስለተጣሉት ስፒከሮች አንድ ነገር ልበል፤ ለአንተ ባይደርስም ለሌላ አንባቢ ይጠቅማል። ያ ዙሪያውን ያለው ስፖንጅ በዕድሜ ራሱን በራሱ ይበላል። ማንም ሳይነካው፣ በ15 እና በ20 ዓመቱ መሀል በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይረግፋል። ማግኔቱ፣ ኮይሉ (የተጠቀለለው ሽቦ) እና ወረቀቱ (ፊት ለፊት የሚንቀጠቀጠው ክፍል) ግን ብዙ ጊዜ ደህና ናቸው። ስፖንጁ ብቻ ይቀየራል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ስለዚህ ስፖንጁ ተበላ ብላችሁ ስፒከር አትጣሉ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ይረክሳል ወይ? ለመጀመሪያው ጥንድ አይረክስም። ይህን የምልህ ተስፋ ላስቆርጥህ አይደለም። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለህ ከጀመርከው መሀል ላይ ትተወዋለህ። ማወቅ ፈልገህ፣ እጅህ እንዲሠራው ፈልገህ ከጀመርከው ግን ትጨርሰዋለህ።

አምና ለእህቴ ልጅ አንድ ጥንድ ሠርቼ ነበር። ወጪውን ደብተር ላይ ጽፌ ይዣለሁ። ከመቶ ብር 48ቱ ለዎፈሮቹ (ባሱን ለሚያወጡት ትልልቆቹ) እና ለትዊተሮቹ (ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጡት ትንንሾቹ) ወጣ። 27ቱ ድምፁን ለዎፈሩና ለትዊተሩ ለሚያከፋፍለው ክፍል፣ ለክሮስኦቨሩ ሄደ፤ ለኮይልና ለካፓሲተር ማለት ነው። ለኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ ለሚሠራው ጣውላ)፣ ለኮላ፣ ለስቱኮ፣ ለቀለምና ለገመድ መሰኪያው የቀረው 25 ብር ብቻ ነው። ሰዓቱንም ቆጥሬዋለሁ፤ 41 ሰዓት ፈጀብኝ፤ ያውም የለመደ እጅ ይዤ። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ሳጥኑ ላይ ነው። ትንሹን ገንዘብ የሚወስደው ግን ሳጥኑ ነው። ድምፁን የሚለየው ደግሞ ማንም የማያየው፣ ሳጥኑ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጠው ክሮስኦቨር ነው።

የመጀመሪያ ሳጥኔን የሠራሁት በ1978 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ፒያሳ አንድ ሬዲዮ ጥገና ቤት ተቀጥሬ ነበር። ከተቃጠለ የሳሎን ሬዲዮ ሁለት ስፒከር አወጣሁ። ችፑድ ገዛሁ። የሳጥኑን መጠን የወሰንኩት በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መሀል በነበረው ክፍተት ነው። ሌላ መለኪያ አልነበረኝም። ሲያልቅ ዜና ከፈትኩበት። አንባቢው ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። ባሱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይጮኻል፣ ከዚያ በታች የለም። ምክንያቱን ያገኘሁት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ደንበኛ ካመጣልኝ ፎቶ ኮፒ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ስፒከር ወደፊት ሲገፋ የፊቱ አየር ይታመቃል፣ የጀርባው ይሳሳል። ሳጥን ከሌለ የፊቱና የኋላው አየር ዞረው ይገናኙና ይጣፋሉ። መጀመሪያ የሚጠፋው ባስ ነው። ሳጥኑ ያንን ይከለክላል። ግን ሌላም ሥራ አለው። ውስጡ የታፈነው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ወረቀቱን መልሶ ይገፋል። ሳጥኑ ጠባብ ከሆነ ሞላው ይጠነክራል፣ ባሱ ይጎረብጣል። ሰፊ ከሆነ ሞላው ይላላል። እያንዳንዱ ዎፈር የራሱ ልክ አለው። ይህን ልክ በሒሳብ ያስቀመጡት አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከእሱም በኋላ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ያጠናው ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ናቸው። ዛሬ ደህና አምራች ሁሉ ከዎፈሩ ጋር የእነዚህን ሰዎች ቁጥሮች በወረቀት ይሰጥሃል። ወረቀቱን ይዘህ በነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሳጥንህን መጠን በአምስት ደቂቃ ታገኛለህ። ዊንአይኤስዲ የሚባለው ይበቃሃል።

ወደ መርካቶው ቤት ልምጣ። እነዚያን ባለሙያዎች አከብራቸዋለሁ። ኮይል ይጠቀልላሉ፣ ወረቀት ይቀይራሉ፣ ሌላው የጣለውን ያድናሉ። ግን የብዙዎቹን ሳጥን ከፍቼ አይቻለሁ። ዎፈሩ በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ይገናኛል። ትዊተሩ ላይ አንድ ካፓሲተር ብቻ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 4.7 ማይክሮፋራድ። ይህ ለ8 ኦም ትዊተር ከ4,200 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለውን ድምፅ ይቆርጣል። ዎፈሩ ግን የሚያስቆመው ስለሌለ ወደ ላይ ይወጣል። በተለይ 12 ኢንች ዎፈር ያን ከፍታ በሥርዓት ማውጣት አይችልም፤ ከፊት ለፊቱ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ይጮኻል፣ ለጎን አይደርስም። ክራር የሚኖረው እዚያ አካባቢ ነው። የጥፍሩ ምት፣ የክሩ ንዝረት እዚያ ይበላሻል።

ስለዚህ 12 ኢንች ለአንተ አይሻልም። ለአራት በአምስት ሳሎን 6.5 ኢንች ዎፈር ይበቃል።

300 ዋት የሚለውንም እርሳው። ያ ቁጥር ስፒከሩ ምን ያህል እንደሚጮህ አይነግርህም። ሊነግርህ የሚሞክረው ሳይቃጠል ምን ያህል እንደሚችል ነው። አንተ ማየት ያለብህ ሴንሲቲቪቲ የሚባለውን ነው፤ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል። 84 የሆነና 90 የሆነ ሁለት ስፒከር ብትወስድ፣ 84ቱ ከ90ው እኩል እንዲጮህ አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ለአንተ 40 ዋት ከ87 በላይ ያለውን ምረጥ።

ሄደህ ስማው ግን። መርካቶ ስትሄድ የራስህን ሙዚቃ ይዘህ ሂድ። ድምፁን ከፍ ሊያደርጉልህ ይፈልጋሉ። አንተ ዝቅ አስደርገው። ሰው በሚያወራበት ልክ። ከዚያ ሙዚቃውን ትተህ ንግግር ክፈት፤ የምታውቀውን ሰው ድምፅ፣ ቢቻል የወንድ። ከሳጥን ውስጥ የሚናገር ከመሰለህ፣ ወይም በአፍንጫው የሚናገር ከመሰለህ፣ ሌላ ፈተና አያስፈልግም። ጆሯችን በሰው ድምፅ አይታለልም። ቀጥለህ ሳጥኑን በጣትህ መገጣጠሚያ አንኳኳው። እንደ ከበሮ ካስተጋባ ጣውላው ሳስቷል ወይም ውስጡ ድጋፍ የለውም። ከዚያ ባለሙያውን ጠይቀው። ዎፈሩ የማን ነው? ወረቀቱ አለ? የሳጥኑን መጠን እንዴት አገኘኸው? ክሮስኦቨሩን በምን ለካኸው? ቢቃጠል ያንኑ መልሰህ ታስገባልኛለህ? ይህን ሲጠየቅ ደስ ብሎት ቁጭ አድርጎ የሚያሳይህ ባለሙያ ካገኘህ፣ ከእሱ ግዛ። እኔንም አሳውቀኝ፤ ለሌላ ሰው እነግራለሁ።

የጀርመኑ አነስተኛ አምራች? አነስተኛ አምራችን አልንቅም። በዚህ ሙያ ታሪክ ትልልቁ ነገር ብዙ ጊዜ የመጣው ከትንሽ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤድጋር ቪልቹር አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁም በትንሽ ዝግ ሳጥን ጥልቅ ባስ ማውጣት እንደሚቻል ያመነ ሰው ጥቂት ነበር። ያን አየሩን እንደ ሞላ የመጠቀም ሐሳብ ለገበያ ያበቃው እሱ ነው። በ1970ዎቹ የቢቢሲ መሐንዲሶች ኤልኤስ3/5ኤ የተባለች አምስት ሊትር ገደማ የምትይዝ ሳጥን ነደፉ። ከስቱዲዮ ውጭ በስርጭት መኪና ውስጥ የሰው ንግግር ለመከታተል የታሰበች ናት። ያመረቷት ፈቃድ የተሰጣቸው እንደ ሮጀርስ ያሉ አነስተኛ ቤቶች ናቸው። ሰው እስከ ዛሬ ይፈልጋታል። ሁለት ድምፅ ማውጫ ብቻ ነው ያላት፤ ክሮስኦቨሯ ግን በኮይልና በካፓሲተር የተሞላ ነው። ከላይ ያልኩህን አስታውስ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የወንድምህ ስፒከር አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? አነስተኛ አምራች ነገ ሊዘጋ ይችላል። ዎፈሩን ራሱ አሠርቶት ከሆነ ምትክ የለም። ስለዚህ ወንድምህ ከመክፈሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ዎፈሩና ትዊተሩ በገበያ የሚሸጡ ናቸው? የኖርዌዩ ሲያስ፣ የዴንማርኩ ስካን ስፒክ፣ የኢንዶኔዥያው ኤስቢ አኩስቲክስ ከሆኑ ችግር የለም፤ ለብቻቸው ይገዛሉ።

አሁን እኔ በአንተ ቦታ ብሆን የማደርገውን ልንገርህ። ወንድምህ ያለው ትክክለኛው አገር ነው። በጀርመን ሃን ከተማ ያለው ቪሳቶን ዎፈርና ትዊተር ብቻ አይሸጥም፤ በእነሱ የሚሠሩ ሙሉ ንድፎችም ያወጣል። የሳጥኑ ልክ፣ የክሮስኦቨሩ እያንዳንዱ ቁራጭ ተጽፎ ይገኛል። ወንድምህ ከነዚያ አንዱን፣ 6.5 ኢንች ዎፈር ያለውን ይምረጥ። ድምፅ ማውጫዎቹንና የክሮስኦቨሩን ዕቃ ብቻ ይላክልህ። ጥቂት ኪሎ ነው። ሳጥኑን እዚህ ትሠራለህ። ክሮስኦቨሩን አትንካ። ዎፈሩ ተወዶ በሌላ ልተካው ብለህም አታስብ። ንድፉ የተለካው ለዚያ ዎፈር ነው፤ ያንን ከቀየርክ ንድፉ የለም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ትቀይራለህ። ይህን በየትኛውም የውጭ መጽሔት አላነበብኩትም፤ ለእኛ ግን አስፈላጊ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየራችን ከባሕር ዳርቻ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያ ሞላ ያልኩህ ነገር ይላላል። 20 ሊትር ተብሎ የተነደፈ ሳጥን እዚህ ከ25 ሊትር በላይ እንደሆነ ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ ንድፉ ላይ ያለውን ሊትር በ0.77 አባዛው። 20 ሊትር ወደ 15.4 ይወርዳል። ድምፁም በሁለት ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ እሱን በአምፕሊፋየሩ ትከፍታለህ። የባስ ቱቦው (ባሱን ለማገዝ ሳጥኑ ላይ የሚገባው ክፍት ቱቦ) የሚስተካከልበት ድግግሞሽ ግን በከፍታ አይለወጥም። የሚለወጠው በሳጥኑ መጠን ነው፤ ሳጥኑን ካሳነስክ የቱቦውን ርዝመት እንደገና አስላ።

ለምሳሌ ያህል ልኩን ላውጣልህ። ውስጡ 17 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 25 ጥልቀት፣ 38 ቁመት ቢሆን 16 ሊትር ይሆናል። ማግኔቱ፣ ቱቦውና ድጋፉ የሚይዙትን ስትቀንስ 15.3 አካባቢ ይተርፋል። በ18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ከሠራኸው ውጩ 20.6 በ28.6 በ41.6 ይሆናል። ለሁለቱ ሳጥን ከአንድ ካሬ ሜትር ትንሽ የበለጠ ጣውላ ትፈልጋለህ። ሙሉ ኤምዲኤፍ 1.22 በ2.44 ነው፤ ግማሹ እንኳን ይበቃሃል። የቀረውን አስቀምጠው፤ የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ብትሳሳት ለሁለተኛው ይሆናል። ሙሉው 40 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ለብቻህ አታንሳው። ውስጥ ዲያሜትሩ 4.6 የሆነ የውሃ ፒቪሲ ቱቦ በ10 ሴንቲሜትር ቆርጠህ ብታስገባ ይህ ሳጥን 50 ኸርዝ አካባቢ ይስተካከላል።

ጣውላውን በእጅ መጋዝ አትቁረጥ። ማሽን ያለው ፈርኒቸር ቤት ወስደህ አስቆርጠው። ጠርዙ ቀጥ ካለ ኮላው ብቻውን ይይዛል፣ ምስማርም አያስፈልግ። ቀዳዳውን ግን ራስህ አውጣ። አፍና አፍንጫህን ሸፍን፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው። ስታጣብቅ በሞርሳ ወይም በገመድ ወጥረህ አሳድረው። ውስጡን በስፌት ቤት በሚሸጥ ፋይበር አልብሰው። አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ እንዳይቀር ማዕዘኖቹን ከውስጥ እንደገና በኮላ ዙርባቸው። በመጨረሻ ሲጫወት እጅህን በየመገጣጠሚያው አሳልፍ። ንፋስ ከተሰማህ ያ ቦታ ይፏጫል።

ወንድምህ ንድፉን ሲመርጥ ስሙን ላክልኝ። የሊትሩን ስሌት አብረን እናየዋለን።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

«ጋሼ፣ ነርስ ነኝ፣ ማታ ማታ ነው የምሠራው። አባቴ አዲስ አበባ ነው። ዘንድሮ 70 ዓመት ይሞላዋል። ከ14 ዓመት ልጄ ጋር ስፒከር ሠርተን ልንወስድለት አስበናል። ባለቤቴ ግን ከአነስተኛ አምራች አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ አንድ ጥንድ እንግዛ፣ የሁለት ዓመት ዋስትና አለው ይላል። ማናችን ልክ ነን?»

እህቴ፣ አንቺና ልጅሽ። ባለቤትሽም አይቀየመኝ፤ የሱ ምክር እዚያው አሌክሳንድሪያ ለሚቀመጥ ስፒከር ጥሩ ነበር። ዋስትናው አዲስ አበባ ድረስ አይመጣም። ከዚህ መልሶ መላክ ከስፒከሩ ዋጋ ይበልጣል። አሜሪካ የሚሸጥ ባለ አምፕሊፋየር ስፒከር ደግሞ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው። የእኛ 220 ነው። ጀርባው ላይ «100-240» የሚል ካላያችሁ ይቃጠላል። ሌላም አለ። እዚህ መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመጣል። አምፕሊፋየሩ ስፒከሩ ውስጥ ካለ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ለብቻው ከሆነ አንዲት ትንሽ አምፕሊፋየር ትቀይራላችሁ፣ ስፒከራችሁ ይቀራል። ያለ አምፕሊፋየር ሥሩት። አስማሚው 100-240 የሆነ ትንሽ አምፕሊፋየር ለብቻ ግዙለት።

እናንተ አገር ያለው ምርጫ ያስቀናል። በኦሃዮ ስፕሪንግቦሮ ያለው ፓርትስ ኤክስፕረስ ጣውላው የተቆረጠ፣ ክሮስኦቨሩ የተነደፈ ኪት ይሸጣል። ለመጀመሪያ ሥራ ትንሹን ምረጡ፤ ባለ አምስት ወይም ስድስት ኢንች። የራሳችሁን አትንደፉ። ሲግፍሪድ ሊንክዊትዝ የሚባል የሂውሌት ፓካርድ መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አረፈ። ከራስ ራይሊ ጋር የፈጠሩት የክሮስኦቨር ዓይነት ዛሬ በዓለም ስቱዲዮዎችና መድረኮች ሁሉ አለ። ያ ሰው ሙሉ ንድፎቹን ቤታቸው ለሚሠሩ ሰዎች ይሰጥ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ዕድሜውን የሰጠበትን ሥራ ይዞ መጀመር ነውር የለውም።

አሁን አወሳሰዱ። ሻንጣችሁ 23 ኪሎ ነው። ሳጥኑን አጣብቃችሁ ካመጣችሁት ግማሽ ሻንጣ አየር ትሸከማላችሁ። ይልቅ እንዲህ አድርጉ። ክሮስኦቨሩን እዚያ ሥሩ። ልጅሽ ስታኞ ማቅለጥ ይማር፤ መስኮት ከፍታችሁ፣ ሲጨርስም እጁን ይታጠብ። ማስተማሪያ የሚሆን አንድ ጨዋታም አለ። የ1.5 ቮልት ባትሪ ወስዶ አዎንታዊውን ከዎፈሩ ቀይ ምልክት ጋር ለቅጽበት ያገናኘው። ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቅ ካለ ሽቦው ትክክል ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ አንዱ ከተገለበጠ ባሱ ይጠፋል። ትዊተሩን ግን በባትሪ አይንኩት፣ ቀጭን ስለሆነ ይጎዳል።

ዎፈሮቹን በልብስ ጠቅልላችሁ በእጅ ሻንጣ ያዟቸው። ጣውላዎቹን ጠፍጣፋ እንደሆኑ ከታች አንጥፏቸው። ኮላውን እዚህ ግዙ። አያትና የልጅ ልጅ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፈው ያጣብቁት። የልደቱ ስጦታ እሱ ይሁን፤ ለእኔ ከስፒከሩ ይልቅ ያ ከሰዓት ይበልጣል።

ለጎፋው አንባቢ የነገርኩትን የአየር ነገር አንቺም አንብቢው። አሌክሳንድሪያ ከባሕር እኩል ናት፣ ኪቱም ለዚያ አየር ነው የተነደፈው። የእናንተ ጣውላ ተቆርጦ ስለሚመጣ ሳጥኑን ማሳነስ አትችሉም። ግን ውስጡን መሙላት ይቻላል። ሳጥኑ ስድስት ሊትር ከሆነ 1.4 ሊትር የሚሆን ድፍን እንጨት ከኋላው ግድግዳ ጋር አጣብቁ። አሥር በአሥር በ14 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የባስ ቱቦ ያለው ከሆነ እንጨቱ አፉን እንዳይዘጋው፤ የቱቦውንም ርዝመት እንደገና አስሉት። ባታደርጉትስ? ዝግ ሳጥን ከሆነ የሚያስፈራ ነገር የለም። በባሕር ዳርቻ 0.75 የነበረው የሳጥኑ ኪው (ባሱ ምን ያህል እንደሚያስተጋባ የሚያሳየው ቁጥር) እዚህ 0.68 አካባቢ ይሆናል። ባሱ ትንሽ ይደርቃል። አንዳንዱ ሰው እንዲያውም ይሄኛውን ይወደዋል።

አባትሽን ከሩቅ መልካም ልደት በይልኝ። ስፒከሩን ከግድግዳው በአንድ ስንዝር ያርቀው።

ከባሕር ዳር

«የሠርግ ድንኳንና የድምፅ መሣሪያ ለ18 ዓመት አከራይቻለሁ። አንድ የከተማችን ባለሙያ ባለ 15 ኢንች አራት ሳጥን ልሥራልህ ይለኛል። ያገለገለ የውጭ ዕቃ ከመግዛት ይሻላል ወይ?»

ወንድም ጋሼ፣ ደብዳቤዎ አጭር ነው፤ መልሴም እንደዚያው ይሁን። ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። ላይኛውን፣ የሰው ድምፅና ማሲንቆ የሚወጣበትን ሆርን (እንደ ጡሩምባ አፍ የሚሰፋው ድምፅ ማውጫ) ያለውን ክፍል፣ አያሠሩ። ሆርንና ዎፈር ማስማማት መለኪያ ማይክሮፎን ይጠይቃል፤ በጆሮ ብቻ የተሠራ የሠርግ ስፒከር ከሦስት ሰዓት በኋላ እንግዳውን ራስ ያሳምመዋል። እሱን ያገለገለ፣ ስሙ የታወቀ ይግዙ። ሲገዙ ሁለቱንም ሳጥን በአንድ ሙዚቃ ተራ በተራ ያሰሙ። ከተለያዩ አንዱ ተነካክቷል።

ባሱን ግን ለባሕር ዳሩ ባለሙያ ይስጡት። ባስ በሒሳብ የሚሠራ ነው፣ እንጨቱም እዚህ አለ። ኤምዲኤፍ አይሁን። ይከብዳል፤ ድንኳኑ ሥር አንድ ዝናብ ካገኘው ደግሞ አብጦ ይፈርሳል። 18 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ይጠቀሙ። ውስጡን በመስቀል እንዲደግፈው ይንገሩት፤ ባለ 15 ኢንች ሳጥን ያለ ድጋፍ ጎኑ ራሱ ይዘፍናል። ማዕዘኑን በብረት ያልብሱት። መያዣው ሰፊ ይሁን፣ የሚሸከሙት ልጆች እጅ ያሳዝናል።

ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። የሳጥኑ መጠን በውጭ ወረቀት ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ይቀነስ። ወረቀቱ 100 ሊትር ካለ 80 ይሥራው።

ዋናው የዎፈሩ ነገር ነው። እንደ ጣሊያኖቹ ቢ ኤንድ ሲ እና ፋይታል ፕሮ ያሉ ስሞች ተለጥፈውባቸው የሚሸጡ አስመስሎ የተሠሩ ዎፈሮች ገበያ ላይ አሉ። ሳይከፍሉ ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። አምራቹ ወረቀት ላይ የዎፈሩን ክብደት ይጽፋል፤ በኪሎ ከጎደለ ያው አይደለም። ከዚያ በቴስተር ኮይሉን ይለኩ። 8 ኦም የተባለ ከ5 እስከ 6.5 አካባቢ ማሳየት አለበት። ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ ራቅ ካለ አይቀበሉት።

ባለሙያው ዎፈሮቹን ሲያመጣ ከጀርባቸው፣ ማግኔቱ ላይ ያለው ቁጥር በደንብ እንዲታይ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ። የሳጥኑንና የቱቦውን ልክ በሚቀጥለው እትም አወጣልዎታለሁ። እስከዚያ እንጨት አያስቆርጡ።